ያቺ የእርሳስ ዕዳ

ጨዋታና ቁም ነገር

ባለፈው ሳምንት ስለ ውሃ ንጽሕና ብዙ ስላደከምኳችሁ ዛሬ ጨዋታ ይዤ መጥቻለሁ። የአንድ የፈረንጅ ሰባኪ ጨዋታ ነው።

«ሰባኪ ደግሞ ምን ጨዋታ አለው?» የሚል አይጠፋም። ይሄኛው አለው። ሕዝቡን እያሳቀ የሚገሥጽ ሰው ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት በስብከቱ ውስጥ ቀልድ በዛ ብላ ወቀሰችው ይባላል። እሱም አፉ ላይ መጥቶ የዋጠውን ቀልድ ብታውቅ ኖሮ እንደምታመሰግነው ነገራት ይባላል።

ስሙ ቻርልስ ስፐርጀን ነው። አገሩ እንግሊዝ ነው። የተወለደው በ1834 ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። እምነቱ ፕሮቴስታንት ነው፤ ከፕሮቴስታንትም ባፕቲስት የሚባለው ወገን። አባቱም አያቱም ሰባኪዎች ነበሩ። እኛ ግን ዛሬ የሃይማኖት ክርክር አንከፍትም። የዛሬው ነገራችን በክርስቲያኑም በእስላሙም ደጅ የሚቆም ነገር ነው። ዕዳ!

ስፐርጀን ገና ትንሽ ልጅ ነው። ፊደል የሚቆጥርበት ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን የእነሱ አገር ሕፃናት ትምህርት ሲጀምሩ ከጥቁር ድንጋይ በተሠራች ስስ ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር። ይጽፋሉ፤ ያጠፋሉ፤ እንደገና ይጽፋሉ። የሚጽፉባትም እርሳስ የድንጋይ እርሳስ ናት። ትሰበራለች። ትጠፋለች። የእኛም ልጆች እርሳስ ሲጥሉ የሚያህላቸው እንደሌለ እናንተው ታውቃላችሁ።

ልጁ እርሳስ አጣ። መግዣ ሳንቲም የለውም። ከቤት እንዳይጠይቅ፣ ከዚህ በፊትም እየጣለ ስላስቸገረ ቁጣውን ፈራ። ምን ይሻላል? በሰፈሩ አንዲት ሴትዮ ሱቅ ነበረቻቸው። ለልጆች በዱቤ ይሰጣሉ። ልጁ በልቡ ሒሳብ ሠራ። የገና በዓል እየመጣ ነው። በገና ደግሞ ከሰው አንድ ፔኒ አይጠፋም። ያን ጊዜ ይከፍላል። አለቀ። እርሳሷን በዱቤ ወሰደ።

የእርሳሷ ዋጋ ስንት መሰላችሁ? አንድ ፋርዲንግ። ፋርዲንግ ማለት በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ከነበሩት ትናንሽ ሳንቲሞች አንዷ ናት። 4 ፋርዲንግ 1 ፔኒ ይሆናል። 12 ፔኒ 1 ሽልንግ ይሆናል። 20 ሽልንግ 1 ፓውንድ ይሆናል። ሒሳብ የጀመራችሁ እስቲ አባዙት። አንድ ፓውንድ 960 ፋርዲንግ ነው። እንግዲህ የልጁ ዕዳ አንድ ፓውንድ 960 ቦታ ተቆርሶ ከዚያ አንዷ ፍርፋሪ ናት።

ዕዳዋ ትንሽ ናት። ጭንቀቷ ግን ትንሽ አልነበረችም። ልጁ ያቺን ሳንቲም እስኪከፍል ልቡ አላረፈም። ይባስ ብሎ አባትየው ሰማ። ወሬ መቼም እግር አለው። ትንሿ ዕዳ ትልቋን እንደምትወልድ፣ ትልቋም ወኅኒ ቤት እንደምታደርስ እየነገረ ክፉኛ ገሠጸው። ከዚያም ይዞት ወደ ሱቁ ሄደ። ልጁ መንገድ ለመንገድ ያለቅሳል። ያገኘው ሰው ሁሉ ዕዳውን ያወቀበት ይመስለዋል። ሱቁ ደረሱ። ፋርዲንጓ ተከፈለች። ልጁም ተነፈሰ።

ይህን ታሪክ የጻፈው ራሱ ስፐርጀን ነው። የጻፈውም ከአድጎ በኋላ፣ ስሙ በዓለም ከታወቀ በኋላ ነው። አባቱን አልወቀሰም። እንዲያውም አመስግኖታል።

«ለአንዲት ሳንቲም ይህን ያህል?» ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንዲሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን አባትየው ወኅኒ ያለው ለማስፈራራት ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ዕዳውን ያልከፈለ ሰው በእርግጥ ይታሰር ነበር። ይህን አብዛኛውን የዕዳ እስራት ያስቀረው ሕግ የወጣው በ1869 ነው። ታስሮ እንዴት ሠርቶ እንደሚከፍል ግን እንጃ!

በፈረንጅ አትሳቁ። በእኛም አገር በድሮ ጊዜ ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። ቁራኛ ይባላል። ዛሬም «የዕዳ ቁራኛ ሆንኩ» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። ተበዳሪው ሲነሣ አበዳሪው ይነሣል። ተበዳሪው ሲተኛ አበዳሪው ይተኛል። እስቲ ፍረዱ፤ ከሁለቱ እስረኛው የቱ ነው? ገንዘብ ያበደረ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው ዛሬ አልተጀመረም ማለት ነው።

ወደ ሰውያችን እንመለስ። ስፐርጀን ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ግን ማንበብ ይወድ ነበር፤ በኋላ ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት በቤቱ ነበሩት። በ1854፣ ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በሎንዶን ከተማ ሰባኪ ሆነ። ሕዝቡ ጎረፈ። ስብከቱ ከ1855 ጀምሮ በየሳምንቱ እየታተመ በአንድ ፔኒ ይሸጥ ነበር። ሥራ አዳሪው ሁሉ የሚገዛው ዋጋ ነው። በ1892 ሞተ። ስብከቱ ግን እስከ 1917 ድረስ በየሳምንቱ መታተሙን አላቋረጠም። ከሞተ በኋላ 25 ዓመት ሙሉ ሰበከ ማለት ይቻላል።

ነገር ግን አንድ ነገር አስቸገረው። የስብከት ቋንቋ ከባድ ነው። ገበሬው፣ አናጢው፣ የቤት ሠራተኛዋ ወይ አይሰሙትም ወይ ያንቀላፋሉ። ስለዚህ ምን አደረገ? የገበሬ ስም አወጣ። ጆን አራሹ ብለን እንጥራው። በዚህ ገበሬ አፍ፣ በገበሬ ቋንቋ፣ ስለ ኑሮ ይጽፍ ጀመር። መጀመሪያ በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ ወጣ። በ1869 ደግሞ መጽሐፍ ሆነ። አዎ፣ የዕዳ እስራት በቀረበት በዚያው ዓመት! ስሙ በእኛ ቋንቋ «የጆን አራሹ ወግ» እንደማለት ነው። በሕይወቱ ሳለ ከ300 ሺህ ቅጂ በላይ ታትሟል።

ጆን አራሹ የማይነካው ሰው የለም። ሰነፉን ይነካል። ሐሜተኛውን ይነካል። ባለ ሁለት ፊቱን ይነካል። ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ሁልጊዜ የሚያጉረመርመውንም አይምርም፤ ሰባኪው እንዲህ አለ፣ ዝማሬው እንዲህ ሆነ የሚለውን ማለቴ ነው። ሰባኪን በመልኩና በቁመናው የሚመርጡ ሰዎችንም በፈረስ ገዢ እየመሰለ ይስቅባቸዋል። ሚስቶችን ግን ያመሰግናል። (ይህን ለባለቤቴ አንብቤላት ነበር። «ታዲያ አንተ ምን ተማርክበት?» አለችኝ። ሌላ ገጽ ገለጥኩ።)

ይኸው ሰው በየዓመቱ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያም ያሳትም ነበር። በእያንዳንዱ ቀን ጎን አንድ ተረትና ምሳሌ ተጽፏል። በኩሽናና በሥራ ቦታ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ብሎ ነው ያዘጋጀው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ቀና ሲል አንዲት መስመር ያነባል። እጁ ሥራውን ሳይተው ማለት ነው። እኛም ይህችን ጋዜጣ ካነበባችሁ በኋላ ግድግዳ ላይ ለጥፏት የምንላችሁ ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ያቺ የእርሳስ ታሪክ ያለችው በጆን አራሹ መጽሐፍ ውስጥ፣ ስለ ዕዳ በሚናገረው ክፍል ነው። እዚያ ላይ ሰውየው እሳት ነው። የሌለውን እንዳለው አድርጎ በሰው ገንዘብ የሚለብስን፣ በሰው ገንዘብ የሚጋብዝን አይወድም። አቅምህን ዕወቅ ነው ነገሩ።

ሰባኪ መናገሩ አያስደንቅም። መናገር ሥራው ነው። እኔን ያስደነቀኝ ያደረገው ነው። ሕዝቡ ሲበዛ የነበረው ቤት አልበቃ አለ። በ1856 ትልቅ አዳራሽ ተከራዩ። በመጀመሪያው ምሽት አዳራሹ ጢም ብሎ ሳለ አንድ ሰው በሐሰት «እሳት!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ተገፋፋ፤ ተረጋገጠ። ሰባት ሰው ሞተ። ስፐርጀን ያን ጊዜ 22 ዓመቱ ነው። ያ ምሽት ዕድሜ ልኩን ከልቡ አልወጣም። ብዙ ጊዜ በከባድ ሐዘን ይያዝ ነበር። የሚያስቃችሁን ሰው ሁሉ ደልቶት ነው አትበሉ።

ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ቤት ለመሥራት ተነሡ። ሜትሮፖሊታን ታበርናክል ይባላል። ወደ ስድስት ሺህ ሰው የሚይዝ ነው። የፈጀው ከ31 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። ስፐርጀን ከቦታ ቦታ እየዞረ ሰበከ፤ ገንዘብ ለመነ፤ ከራሱም ጨመረ። በ1861 ቤቱ ሲከፈት የአንዲት ሳንቲም ዕዳ አልነበረበትም።

እስቲ የእርሳሷን ሒሳብ እንደገና እናምጣት። አንድ ፓውንድ 960 ፋርዲንግ ነው ብለናል። 31 ሺህ ፓውንድ ሲባዛ 29 ሚሊዮን 760 ሺህ ፋርዲንግ ይሆናል። ያ ልጅ በአንዲቷ ፋርዲንግ አልቅሶ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኖ ሠላሳ ሚሊዮን የሚጠጋውን ሳይበደር ከፈለ።

አሁን ግን ከሰውየው ጋር ትንሽ ልጣላ ነው።

ስፐርጀን ሆይ፣ ነገርህ ጥሩ ነው። ግን ሁሉ ተበዳሪ አንድ ነው? ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ የሆነ ገበሬ አለ። እሸት ገና አልደረሰም። ልጆቹ ይበላሉ፤ መብላት አለባቸው። ሌላው ደግሞ ልጁ ታሞበት ነው የተበደረው። መድኃኒት «እስክታጠራቅም እጠብቅሃለሁ» አይልም። ይህን ሰው «አቅምህን ዕወቅ» ብንለው ምን ይረባዋል? አቅሙንማ ያውቃል። እንዲያውም ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቃል።

እውነቱን ለመናገር ጆን አራሹም ይህን አልረሳውም። በዚያው መጽሐፍ ስለ ወደቁ ሰዎች የጻፈው ሌላ ክፍል አለ። ሰው ሲወድቅ የሚረግጠው እንደሚበዛ፣ ምክር የሚያዘንብበት እንደሚበዛ፣ እጁን ይዞ የሚያነሣው ግን እንደሚያንስ በምሬት ይናገራል። ሰውየውም ይህን በወሬ ብቻ አልተወውም። በ1867 አባት ለሌላቸው ወንዶች ልጆች ማሳደጊያ አቋቋመ። በ1879 ደግሞ ለሴቶች ልጆች። ስለዚህ ጥላችን እዚህ ላይ ይብረድ።

እኔ የምጣላው ከሌላ ዕዳ ጋር ነው። የድግስ ዕዳ! ልጅ ለመዳር በሬ ይሸጣል። አልበቃ ሲል ይበደራል። ለተዝካር ይበደራል። ዳሱ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል፤ ዕዳው ሦስት ዓመት ይቆማል። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ሲወጣ ምን ይላል? «ወጡ ጨው አንሶታል» ይላል! ያንን ለማስደሰት ነው እንግዲህ የእርሻ በሬ የሚሸጠው። ሰዉ ምን ይለኛል ብሎ የተበደረ፣ ኋላ ሰዉ ምን እንዳለው መስማቱ አይቀርም። ይህን ግን በሌላ ሳምንት ሰፋ አድርገን እናየዋለን። ደብዳቤ የጻፋችሁልኝም አላችሁ።

ዕቁብንም እንዲሁ ላንሣው። ብዙ ሰው ዕቁብ ዕዳ አይደለም ይላል። እስቲ አስቡት። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ከሁላችን ተበድሯል። የመጨረሻው ዕጣ የወጣለት ለሁላችን አበድሯል። በመካከል ያለነው ግማሽ ተበዳሪ፣ ግማሽ አበዳሪ ነን። ወለድ የለውም። ሰንሰለትም የለውም። መተማመን ብቻ ነው። ስፐርጀን ዕቁብን ቢያውቅ ኖሮ ጆን አራሹ አንድ ሁለት ገጽ ሳይጽፍለት አይቀርም ነበር።

ዱቤስ? የድሃ ባንክ ዱቤ ነው። በየሰፈሩ ያለው ባለሱቅ ደብተር አለው። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪት እዚያ ላይ ይሰፍራል። ደመወዝ ሲመጣ፣ ወይም እህል ሲሸጥ ይከፈላል። እኔ ዱቤ ይጥፋ አልልም። ግን ያ ደብተር ምን እንደሚል ስንቶቻችን እናውቃለን? የሆነ ነገር ስላስታወሰኝ ላጫውታችሁ።

በእኛ ሰፈር አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል። ሁልጊዜ ወር ሲያልቅ ከባለሱቁ ጋር ይጨቃጨቃሉ። «ጨምረህብኛል» ይላሉ። «አልጨመርኩም፣ እማማ» ይላል። ሁለቱም ምለው ይለያያሉ። በኋላ እማማ የማታ ትምህርት ገቡ። ፊደሉን ጨረሱ። መነጽር ተገዛላቸው። አንድ ቀን ጧት፣ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ከተፍ አሉ።

«ልጄ፣ እስቲ ያንን ደብተር አምጣው።»

«ምነው እማማ፣ ወሩ መች አለቀ?»

«ለመክፈል አይደለም። ለማንበብ ነው።»

ባለሱቁ ሳቀ። ከዚያ ግን ደብተሩን ሰጣቸው። እማማ መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አኖሩ። «ስ… ኳር። ግማሽ ኪሎ። ይሄ የኔ ነው። ሳ… ሙና አንድ። ይሄም የኔ ነው። ማ… ማስ… ማስቲካ!» ቀና አሉ። «ማስቲካ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ምን ላደርግበት? ጥርስ አለኝ?»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እማማ ግን አልሳቁም። ወደ ታች ወረዱ። ማስቲካ። ዘይት። ማስቲካ። ክብሪት። ማስቲካ። በአንድ ወር ውስጥ ሰባት ጊዜ ማስቲካ አገኙ።

«የልጅ ልጅዎ ነው እኮ፣ እማማ» አለ ባለሱቁ። «‹አያቴ ልካኝ ነው፣ በእሷ ስም ጻፈው› እያለ ነው የሚወስደው። እኔ ለእርስዎ መስሎኝ…»

እማማ ዝም አሉ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ስንት ዓመት በሆዴ አማሁህ መሰለህ» አሉት። ባለሱቁ አንገቱን ደፋ። ሰው ያለበደሉ መታማቱ እንዲህ ፊት ለፊት ሲነገረው ምን ይመልሳል?

ከሰዓት በኋላ ልጁን እጁን ይዘው አመጡት። ሦስተኛ ክፍል ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ዱላ ጠብቆ ነበር። እማማ ግን አልመቱትም። ደብተሩን አስከፈቱና «አንብብልኝ፣ እኔ ዓይኔ ደክሟል» አሉት። ልጁ ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ ጮክ ብሎ ነው። ስኳር፣ ሳሙና። አንደኛው ማስቲካ ላይ ድምፁ ቀነሰ። ሁለተኛው ላይ ተንተባተበ። ሦስተኛው ላይ እንባው ደብተሩ ላይ ጠብ አለ። እማማ ሰባቱንም አስነበቡት። አንዷንም አላለፉለትም። ከዚያ የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈትተው የማስቲካውን ለይተው ከፈሉ። የሌላው ለወሩ መጨረሻ ቆየ።

«አሁን ደግሞ» አሉ ለባለሱቁ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ካልፈረምኩ በስሜ አንዲት ነገር እንዳትጽፍ።»

«እሺ፣ እማማ። አሻራ ያደርጋሉ?»

«ምን አሻራ! ስክሪብቶህን አምጣ።»

ስማቸውን ጻፉ። እጃቸው ገና አልሠለጠነም። ፊደሎቹ እንደ ድንች ተለቅ ተለቅ ያሉ ናቸው። ከአንዱ መስመር ጀምረው ሦስተኛው መስመር ላይ ደረሱ።

ባለሱቁ ደብተሩን እያየ «እማማ፣ በአንድ ፊርማ ግማሽ ገጽ ጨረሱብኝ እኮ» አለ።

«ይሻላል» አሉ እማማ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ብዙ የምበደርበት ቦታ አይኖርም።»